እርሻው የሚችለውን ያህል

አል ኸቢሲ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከምትገኘው ከአል ዓይን ከተማ የመኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነው። ከፍ ያለ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለ የቴምር ዛፍ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የመጡ እህቶቻችን የሚውሉባቸው ጓዳዎች። በዚህ አገር የሐበሻ ሙዚቃ ዝግጅት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሆቴል አዳራሽ ነው፤ ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ፣ ከምሽቱ ገፋ አድርጎ የሚጀመር፣ ጆሮ የሚያደነቁር ስፒከር ያለው፣ በማግስቱ የፕላስቲክ ክምር የሚጠረግበት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በጥቂት ሰው፣ አካባቢን የማይጎዳ የሙዚቃ በዓል ማዘጋጀት ግን ይቻላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ዕቃ ይዞራል፤ የፀሐይ ኃይል ፓኔል ከየት እንከራይ፣ የሚበሰብስ ኩባያ ማን ይሸጣል ይባላል። እንደኔ እምነት መጀመሪያ መነጋገር ያለብን ስለ ልክ ነው። በዓሉን ለአፈሩም ለሰዉም ደግ የሚያደርገው ልኩን ማወቁ ነው፤ ልኩንም መወሰን ያለበት እርሻው ነው። ይህን ልክ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩን፤ ትዝታን የምጠራውም እነሱን በምስክርነት ለማቅረብ ነው።

የደቦን ቀን እናስታውስ። ደቦ፣ ወንፈል ወይም ጅጊ ይባል፣ እንደየአገሩ ደንቡ ቢለያይም መሠረቱ ይቀራረባል። የደረሰ አዝመራ ያለው ገበሬ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ጠሪው መብሉንና መጠጡን ያሰናዳል፣ ተጠሪው ጉልበቱንና ማጭዱን ይዞ ይመጣል። አጫጆቹ በመደዳ ይሰለፋሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው ከእጅ ጋር ይሄዳል፣ ዜማው ሲፈጥን ማጭዱም ይፈጥናል። ወደኋላ የቀረውን በግጥም ይነካኩታል፣ የበረታውን ያሞግሱታል። ማን ታዳሚ፣ ማን ዘፋኝ እንደሆነ አይለይም። ስንት ሰው ይጠራ የሚለውን የሚወስነው የማሳው ስፋትና የጠሪው ጎተራ ነው፤ ለግማሽ ጥማድ ማሳ መቶ ሰው የሚጠራ ገበሬ የለም። ማታ ሲበተኑ መሬት ላይ የሚቀረው ቃርሚያና ገለባ ነው፣ እሱንም ከብት ይለቅመዋል። አውድማውም እንደዚያው ነው፤ በእበት ይለቀለቃል፣ በሬዎቹ በነዶው ላይ ይዞራሉ፣ ነጂው ለበሬዎቹ ይዘፍናል፣ እህሉ ጎተራ ሲገባ ቦታው እስከ ከርሞ ያርፋል። የጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሲነቅሉ ደግሞ ለዘፈኑም ሰበብ፣ ለጌጡም ዕቃ የሚሆናቸው ያው ሣር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። «ያ ሁሉ ንጽሕና ከእጦት የመጣ ነው፤ አባቶቻችን ፕላስቲክ ቢያገኙ አይጥሉም ነበር ወይ?» ይጥሉ ነበር። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ በገጠር ከገበያ ማግስት ሜዳው ላይ የሚበተነው ፌስታል ነው። ገበሬ ከከተሜ ይልቅ በተፈጥሮው ለአፈር ይራራል የሚል እምነት የለኝም። ይሁንና ተቃውሞው ራሱ ወደምፈልገው ቦታ ይወስደኛል። የአባቶቻችን ድግስ ንጹሕ የነበረው በሰዎቹ ደግነት ካልሆነ፣ በአሠራሩ ነበር ማለት ነው። የሚመጣው ሰው በእግሩ የሚደርስ ጎረቤት ነበር፤ የሚበላው እዚያው የበቀለ ነበር፤ ከመጡት መካከል ሥራ ያልያዘ አልነበረም። አሠራር ደግሞ የሰው ደግነት ሳይጠበቅ ሊደገም ይችላል። ያን ጊዜ እጦት ያስገደደውን ልክ ዛሬ በፈቃዳችን ልናስቀምጠው እንችላለን።

የሌላው ዓለም የእርሻ ላይ ሙዚቃ ታሪክም ለዚህ ይመሰክራል። በኦገስት 1969 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማክስ ያስገር በተባለ የወተት ላም አርቢ ማሳ ላይ፣ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዉድስቶክ የተባለው ድግስ ተካሄደ። 400,000 ገደማ ሰው መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ምግብ አጠረ፣ ማሳው በጭቃና በቆሻሻ ተሸፈነ። የሙዚቃው ዝና እስከዛሬ ይወራል፣ ስለ ማሳው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። በዓመቱ እንግሊዝ አገር ማይክል ኢቪስ የተባለ ገበሬ ፒልተን በሚገኘው ወርዚ ፋርም 1,500 ያህል ሰው ጋበዘ፤ መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፣ ከመግቢያው ጋር የእርሻው ወተት በነጻ ይሰጥ ነበር። ያ ድግስ ዛሬ ግላስተንበሪ ተብሎ ከ200,000 በላይ ሰው የሚሰበሰብበት ሆኗል። ያም ሆኖ ከገበሬ ቤት የወረሰውን አንድ ልማድ አልተወም፤ በየጥቂት ዓመቱ መሬቱ ጦሙን ያድራል። በ2018 አልተካሄደም፣ 2026ም የእረፍት ዓመት ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ማስረጃ ግን በ2015 በብሪታኒያ የወጣው የዘርፉ ጥናት ነው። ፌስቲቫሎች ወደ አየር ከሚለቁት በካይ ጋዝ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ከታዳሚው ጉዞ እንደሚመጣ አሳይቷል። እንግዲህ ስለ ኩባያ የምንከራከረው ስለ ትንሿ ድርሻ ነው። ከአቡ ዳቢ አል ዓይን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መቶ ሰው በየታክሲው ደርሶ መልስ ቢመጣ የትኛውም ፓኔል አያካክሰውም። የአል ዓይን እርሻ ላይ የሚደረግ በዓል ለአል ዓይን ሰው ይሁን፤ ከአል ኸቢሲ፣ ከአል ጂሚ፣ ከአል ቀጣራ በአንድ አውቶቡስ ተሰብስቦ ለሚመጣ።

ስለ ድምፅም ልክ አለ። ማሲንቆን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። አራት ማዕዘን የእንጨት ገበታ በፍየል ቆዳ ተወጥሯል፤ በላዩ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር ብቻ አለ፤ ደጋኑም ከዚያው ጭራ ነው፣ እንዳይንሸራተትም በሙጫ ይታሻል። ዋሽንቱ አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው። የክራሩ ክር ናይለን ከመሆኑ በፊት ጅማት ነበር፣ ከበሮው የከብት ቆዳ ነው። ከእርሻ ያልወጣ የለም፤ የድምፃቸውም ርቀት ዳስ የሚሞላ ያህል ነው። አዝማሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያየ፣ የተነገረውን እየተቀበለ የሚገጥመው በዚያ ርቀት ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሰዉን ፊት አያይም። በ1963 ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመራው፣ እነዚህ መሣሪያዎች ከየአገሩ ተጠራርተው በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ብዙ ዜማ በየመንደሩ ተበታትኖ በቀረ ነበር። ከአዳራሹ ጋር ግን የአዳራሽ ፍላጎት ይመጣል፤ ሰዉ ሲበዛ ማይክራፎን፣ ማይክራፎን ሲበዛ ኃይል፣ ሜዳ ላይ ሲወጡ ደግሞ ጄኔሬተር። ጄኔሬተር ከጭሱና ከጩኸቱ በላይ የሚያደርሰው ጉዳት ልክን ማስረሳቱ ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ ሰው ቢጨመርም ይሰማል፣ ስለዚህ ይጨመራል።

«ወጣቱ ባስ ካልተመታለት አይመጣም» የሚሉ አሉ። ይህን አላቃልለውም፤ ለአሥር ዓመት በስልክ ዘፈን ሲሰማ የኖረ ጆሮ ለዋሽንት ላይታገስ ይችላል። መልሴ ግን እስክስታ የሚነሳው ከከበሮና ከጭብጨባ መሆኑን ማስታወስ ነው፤ ትከሻ ባስ አይጠይቅም። በባትሪ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለዘፋኟ ብትኖር አልቃወምም። የዚህ አገር ጎረቤቶቻችንም ከኛ የራቁ አይደሉም። ዩኔስኮ በ2012 የመዘገበው ተግሩዳ ግመል እየጋለቡ ያለ መሣሪያ የሚያዜሙት ግጥም ነው፤ በ2014 የተመዘገበው ዓያላ ሁለት ረድፍ ወንዶች በከበሮ ፊት ለፊት የሚጫወቱት ነው፤ ሽለላና ፉከራ የሚያውቅ ሰው ሲያየው አይደናገረውም። አቡ ዳቢ በ2021 በዩኔስኮ የሙዚቃ ከተማ ተብላለች፤ በዚህ ስም ጥላ ሥር ለአንድ ማሲንቆና ለአንድ ክራር የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ በረሃው ነው። የምንጠጣው ውሃ ራሱ በብዙ ኃይል ከባሕር የተጣራ በሆነበት አገር፣ በጋው ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት ምድር፣ ሰው ሰብስቦ «አካባቢን አልጎዳሁም» ማለት አያሳፍርም ወይ? ጥያቄው እውነት አለው፤ ቢያንስ ከኖቬምበር እስከ ማርች ካለው ቀዝቃዛ ወቅት ውጭ እንዲህ ያለውን በዓል ማሰብም አይገባም። ዳሩ ግን ስለ ውሃ ልክ ከአል ዓይን የበለጠ የሚያስተምር ከተማ ማግኘት ይከብዳል። እዚያው ሂሊ በተባለው ሥፍራ የተገኘው ፈለጅ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ፈለጅ ከመሬት በታች ተቆፍሮ ውሃን በራሱ ቁልቁለት ወደ ቴምሩ የሚያደርስ ቦይ ነው። ቦዩ ከዘንባባው ሥር ብቅ ሲል በየተራ ይከፈላል፤ የአንዱ ተራ ሲያልቅ መግቢያው ይደፈንና ውሃው ወደ ቀጣዩ ይዞራል፤ ተራውን የሚጠብቀው ዓሪፍ የሚባለው ሰው ነው። ሼኽ ዛይድ ከ1946 ጀምሮ የዚህ አካባቢ ገዥ በነበሩበት ዘመን ፈለጆችን አስጠግነዋል፣ የውሃ ክፍፍሉንም አሻሽለዋል። የአል ዓይን ኦአሲሶች በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በዋናው ኦአሲስ ብቻ ከ147,000 በላይ የቴምር ዛፍ አለ። በ2020 ደግሞ የፈለጅ ዕውቀት ራሱ ተመዘገበ። ዛሬ የከርሰ ምድሩ ውሃ ስለወረደ ብዙዎቹ ቦዮች የሚፈሱት በፓምፕ እየተደገፉ ነው፤ ልኩ እዚህም ተጥሷል፣ ትዝታውም የእኛ ብቻ አይደለም።

በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለባቸው ቀበሌዎች ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። ተራ ይመድባል፣ ተራ የዘለለን ይቀጣል፣ ሀብታም ነው ደሃ ነው ብሎ አያበላልጥም። ለእርሻው በዓልም አዘጋጅ ኮሚቴ ከመመረጡ በፊት የውሃ አባት ይመረጥ እላለሁ፤ ወንድም ይሁን ሴት። ሥራው ቀላል ነው፤ እርሻው ለዚያ ቀን ሊሰጥ የሚችለው ውሃ አንድ ታንከር ከሆነ፣ ለመጠጥ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለውዱእ፣ ለሳህን አካፍሎ ስንት ሰው እንደሚበቃው ይነግረናል። የተጋባዡ ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ሁለት መቶ ከሆነ ሁለት መቶ፣ ሰማንያም ከሆነ ሰማንያ። ለቴምሩ የተመደበው ውሃ አይነካም።

ምግቡም ከዚሁ ይከተላል። አቡ ዳቢ ከጁን 2022 ጀምሮ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከጁን 2024 ጀምሮ ደግሞ የስታይሮፎም ኩባያና ሳህን ከልክላለች። አዘጋጆች ታዲያ «ይበሰብሳል» ወደተባለው ዕቃ ይሮጣሉ፤ እርጥበት በሌለው አሸዋ ላይ የወደቀ ኩባያ ግን ቶሎ አይበሰብስም። እኛ ዘንድ ከዚህ የተሻለ ነገር አለ። አንድ መሶብ ዙሪያ ስድስት ሰባት ሰው ይቀመጣል፤ እንጀራው ሳህን ነው፣ ማንኪያም ነው፣ በመጨረሻ እሱም ይበላል። ሰባት ሳህንና ሰባት ማንኪያ የሚታጠብበት ውሃ ቀረ ማለት ነው። ምግቡም ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቢሆን ጥቅሙ ከሥነ ምህዳር ያልፋል፤ በአገራችን ሥጋ ክርስቲያንና ሙስሊሙን ለየብቻ ያስቀምጣል፣ የጾም ምግብ ግን ሁሉንም በአንድ መሶብ ያገናኛል። ከወሎ የመጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያባክንም። ቆሎው በእፍኝ፣ ዳቦው በቁራሽ፣ ቴምሩ ከዚያው እርሻ። የውሃ ኩባያውን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይምጣ።

አሁን ግን ትዝታችንን ራሱን መጠየቅ አለብን። ማሳው ላይ ሲዘፈን ጓዳው ውስጥ ማን ነበር? ሴቶቹ ከብዙ ቀን በፊት ጌሾ ወቅጠዋል፣ ጠላ ጠምቀዋል፣ እህል ፈጭተዋል፣ ውሃ በእንስራ አዝለው ዳገት ወጥተዋል። የአባቶቻችን ድግስ ቀላል ነበር ስንል ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ እንደነበረ ካልተናገርን ምስክርነታችን ጎደሎ ነው። አል ኸቢሲ ላይ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል፤ ከተጋባዦቹ ብዙዎቹ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሳህን ሲያጥቡ የሰነበቱ ሴቶች ናቸው። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ሰጥቷቸዋል። ያቺን አንድ ቀን ድስት ሥር እንዲያሳልፉ የሚጋብዛቸው በዓል፣ አንዲት ላስቲክ ባይጥልም፣ እኔ ዘንድ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ ማብሰሉም ማጠቡም የወንዶቹ ይሁን፤ ስማቸውና ሰዓታቸው ተጽፎ መግቢያው ላይ ይለጠፍ። «ባህላችን አይደለም፣ አይችሉበትምም» ለሚል፣ በወንዶች ገዳማት ዳቦ የሚጋግረው፣ ውሃ የሚቀዳው መነኩሴ መሆኑን ላስታውሰው። ሰዓቱም ለነሱ የተመቸ ይሁን፤ ብዙዎቹ ሳይመሽ ቤት መግባት አለባቸው፣ ስለዚህ ጠዋት ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት ያለቀ በዓል ለመብራትም ወጪ የለው፣ ለእነሱም ጭንቀት የለው። እርሻውን የሚንከባከቡት የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞችም የቤቱ ሰዎች ናቸውና ከመጀመሪያው መሶብ ላይ ይቀመጡ።

ሕግና ገንዘብ ይቀራሉ። በአቡ ዳቢ ለሕዝብ የሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት የባህልና ቱሪዝም መምሪያን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መዋጮ ማሰባሰብም ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ የተተወ ነው። «ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል» ብሎ መጀመር ሌላውን ሰው አደጋ ላይ መጣል ነው፤ በስደት የሚኖር ሰው የሚያጣው መኖሪያ ፈቃዱን ነውና ይህ እንደ ቀላል አይታይም። ፈቃዱ ቀድሞ ይያዝ፣ ያለ ፈቃድ ኮፍያም አይዙር። ትንሽ ድግስ ለሙዚቀኛው ምን ይከፍላል ለሚለው ግን ሒሳቡን ማስላት ይበቃል። የሆቴል አዳራሽ ኪራይ የለም፣ መድረክ የለም፣ ጄኔሬተርና የመብራት ባለሙያ የለም፤ ከቀሩት ወጪዎች መካከል ትልቁ የሙዚቀኛው ዋጋ ይሆናል። እንደውም እንዲህ ካልሆነ በዓሉ ባይደረግ ይሻላል፤ በክብር ስም አዝማሪን በነጻ ማዘፈን የኖረ በደል ነው።

በዓሉ ከተሳካ በማግስቱ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ ለምን ከርሞ አናሰፋውም? የማሊ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2001 ከቱዋሬግ ሕዝብ የቆየ የመሰባሰብ ልማድ ተነስቶ የተጀመረው፣ ኋላም በቲምቡክቱ አቅራቢያ ኤሳካኔ ላይ ይካሄድ የነበረው የበረሃው ፌስቲቫል በዓለም ታወቀ፣ እንግዶች ከሩቅ አገር መጡ፤ በጸጥታ ሥጋት በ2010 ከኤሳካኔ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ፣ ከ2012 በኋላም በጦርነቱ ምክንያት በቦታው መካሄዱ ቀረ። ጦርነቱን ያመጣው ፌስቲቫሉ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሰው ከሩቅ የሚጠብቅ ዝግጅት መንገድ ሲዘጋ እንዴት እንደሚወድቅ ግን ያሳያል፣ የጎረቤት ስብስብ እንዲያ አይወድቅም። እኛ ዘንድ መብዛትን ያለ መተለቅ የሚያስተናግድ ድርጅት አለ፤ እድር። እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ይገዛል፣ ያስቀምጣል፣ ለተራው ባለቤት ያውሳል፤ ድንኳኑ አንድ ነው፣ የሚተከልበት ግቢ ብዙ ነው። መሶቦቹ፣ የቡናው ስኒዎችና የጥላው ሸራ እንዲሁ የጋራ ሆነው በአንድ ሰው ኃላፊነት ይቀመጡ። ቦታ የሞላበት ሰው ሲመጣ የሚነገረው የሌላ እርሻና የሌላ ቀን ነው፤ ዘንድሮ ያስተናገደው እርሻ ከርሞ ይረፍ፣ ዕቃው ወደ ቀጣዩ ይሂድ፣ የውሃ አባቱም እዚያ እንደገና ይመረጥ።